አደራ በእጅ ስልክ ዘመን



በአገራችን «አደራ በላ» ከመባል የከፋ ስም ጥቂት ነው። ሌባ የማያውቀውን ሰው ይሰርቃል፤ አደራ በላ ግን ያመነውን ይከዳል። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ የነገሩን ክብደት በአጭር ቃል ነግረውናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ገንዘብ የሚቀመጠው በመቀነት ቋጠሮ፣ በሣጥን ወይም በባንክ ደብተር ነበር። መልእክትም በመንገደኛ እጅ ይላክ ነበር። ዛሬ ገንዘቡም መልእክቱም፣ የልጆች ፎቶግራፍም የዘመድ አድራሻም በአንዲት የእጅ ስልክ ውስጥ ተጠቃሏል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ በአዲስ አበባ የምትሠራ ልጅ ደጀን ወይም ቢቸና ላሉት እናቷ የምትልከው ብር በደቂቃ ይደርሳል። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ስልክን የምናወግዝበት ምክንያትም አናይም። ዳሩ ግን ስለ ስልክ ጥንቃቄ ሲነሣ ብዙዎቻችን ጉዳዩን ለከተማ ወጣቶችና ለባለሙያዎች ብቻ እንተወዋለን። በእኛ አስተያየት ነገሩ አስቀድሞ የሰባተኛውና የስምንተኛው ትእዛዝ ጉዳይ ነው። ምሥጢራዊ ቁጥር፣ በስሕተት የመጣ ገንዘብ፣ የሌላ ሰው ስምና ምስል፣ እነዚህ ሁሉ አደራ ናቸው፤ በአደራ ሕግም ሊጠበቁ ይገባል።

አደራ በቅዱስ መጽሐፍ

ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ ይደነግጋል። ሰው ለባልንጀራው ገንዘብ ወይም ዕቃ እንዲጠብቅለት ሰጥቶ ከዚያ ቤት ቢሰረቅ፣ ሌባው ከተገኘ እጥፍ ይከፍላል፤ ካልተገኘ ግን ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ እጁን በአደራው ላይ እንዳልዘረጋ ይመረመራል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 6 ደግሞ አደራ የካደ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ እንዲጨምርበት ያዝዛል። ቅዱስ ጳውሎስም በመጀመሪያው የጢሞቴዎስ መልእክት መጨረሻ ላይ ደቀ መዝሙሩን ስለ አደራ ያሳስበዋል። እዚያ የገባው ፓራቴኬ የተባለው የግሪክ ቃል በዘመኑ በሰው እጅ የተቀመጠን ንብረት የሚያመለክት የሕግ ቃል ነበር። ቤተ ክርስቲያን «የእምነት አደራ» የምትለው ስያሜ መሠረቱ ይኸው ነው። እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ከተልእኮው ስም ጀምሮ የአደራ ሰው ነው።

ለያዝነው ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ግን መጽሐፈ ጦቢት ነው። ጦቢት በሜዶን ምድር በራጌስ ለሚኖር ገባኤል ለተባለ ሰው አሥር መክሊት ብር አደራ ሰጥቶ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ዓይኑ ታውሮ፣ ኑሮውም ከፍቶ ሳለ ልጁን ጦብያን ገንዘቡን እንዲያመጣ አዘዘው። ልጁ ተገቢ ጥያቄ አነሣ፤ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች እንዴት ይተማመናሉ? የመጽሐፉ ረዘም ያለው ቅጂ እንደሚተርከው የውሉ ሰነድ ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ክፋይ ወስደው ነበር። ጦቢት ልጁን ከማያውቀው መንገደኛ ጋር ከመስደዱ አስቀድሞም ነገዱንና ወገኑን ጠየቀ፤ (መንገደኛው ቅዱስ ሩፋኤል ነበር፤ መልአክ እንኳ ሳይጠየቅ አላለፈም)። በምዕራፍ 9 እንደምናነበው ሩፋኤል ሰነዱን ይዞ ራጌስ ሲደርስ ገባኤል ማኅተማቸው ያልተነካ ከረጢቶችን ቆጥሮ አስረከበው።

ባንኮችና የስልክ ድርጅቶች ዛሬ የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። በአጭር መልእክት የሚደርሰን የማረጋገጫ ቁጥር የሰነዱ አንድ ክፋይ ነው፤ እኛ ብቻ የምናውቀው ምሥጢራዊ ቁጥር ሌላው ክፋይ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ከረጢቱ ይከፈታል። ስለዚህ ሁለቱንም ክፋዮች ለአንድ ሰው የሰጠ፣ ከረጢቱን ከነማኅተሙ አስረክቧል ማለት ነው።

የእናቶች ምሥጢራዊ ቁጥር

በቁምስናዎቻችን ዘወትር የምናየው ችግር የሚመጣው ከሩቅ ሌባ ሳይሆን ከደግነት ነው። ማንበብ ያልተማሩ እናት ልጃቸው ብር ልካላቸዋለች። ስልኩን ለጎረቤት ተማሪ፣ ለባለ ሱቁ ወይም ለትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ይሰጣሉ፤ ቁጥሩንም ሰው በተሰለፈበት ጮክ ብለው ይናገራሉ። «እናንተን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?» ይላሉ። አነጋገሩ ልብ የሚነካ ነው፤ አሠራሩ ግን አደገኛ ነው።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የምንሰጠው ምክር የማንንም ምእመን ምሥጢራዊ ቁጥር አታውቁ የሚል ነው። ይህን የምንለው እናንተን ስለተጠራጠርን አይደለም። ገንዘብ በጠፋ ቀን መጀመሪያ የሚጠየቀው ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ኦሪትም አደራ ጠባቂው እንዲመረመር ያዘዘችው ስለዚህ ነው። የማያውቅ ሰው ግን ከጥርጣሬ ነጻ ነው፤ እናቲቱም ከሐሜት ያርፋሉ።

ታዲያ እናቲቱን ማን ይርዳቸው? ራሳቸው እንዲጫኑ አስተምሯቸው። በቁልፍ ስልኮች ላይ በ5 ቁጥር ላይ በጣት የምትዳሰስ ትንሽ ምልክት አለች። ከእርሷ በላይ 2፣ ከታች 8፣ በግራ 4፣ በቀኝ 6 ይገኛሉ። የአገራችን እናቶች የሰፌድና የሙዳይ ሐረግ በአእምሯቸው ቆጥረው የሚሰፉ፣ አንዲት አለላ ብትሳሳት የሚያውቁ ናቸው። የጥቂት ቁልፎችን ቦታ መያዝ ከዚያ አይከብድም። ስልኩ ጠፍቶ ሳለ ደጋግመው ቢለማመዱ ጣታቸው መንገዱን ይይዘዋል። ከተማሪዎቻችሁ መካከል አንዳንዶቹን በዕረፍት ቀን አያቶቻቸውን እንዲህ እንዲያለማምዱ ብታዝዙ፣ ለእኛ ይህ ከምሕረት ሥራዎች አንዱ ነው፤ ያልተማረን ማስተማር በመንፈሳዊው የምሕረት ሥራ ዝርዝር ውስጥ የተቈጠረ ነውና።

ቁጥሩን ሲመርጡ የትውልድ ዓመትን፣ 1234ን ወይም የስልካቸውን የመጨረሻ አኃዞች እንዲተዉ ንገሯቸው። በስልኩ ጀርባ በወረቀት መለጠፍ፣ በስልኩ ውስጥም «ቴሌብር» ብሎ ስም ሰጥቶ መመዝገብ ቁልፉን በበሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው። እስከ ዛሬ ለሰው የተነገረ ቁጥር ካለ፣ ማንም ሳይወቀስ በጸጥታ ይቀየር። ቀሪ ሒሳባቸውን ለማወቅ የተራቀቀ ስልክ አያስፈልግም፤ *127# በመደወል ኢንተርኔት በሌለበትም ማየት ይቻላል። ብር ካወጡ በኋላም የደረሰውን መልእክት ገንዘቡን ከሰጣቸው ሰው ሌላ የሆነ ሁለተኛ ሰው ቢያነብላቸው መልካም ነው።

የማይታወቅ ጠሪ

«ከባንክ ነው የምደውለው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው።» «ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን የሚመጣውን ቁጥር ያንብቡልኝ።» ይህን የመሰለ ጥሪ ያልሰማ አንባቢ ጥቂት ይመስለናል። ጠሪው የሚለምነው የሰነዱን ክፋይ ነው። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ ሥራውን ለመሥራት የእናንተን ምሥጢራዊ ቁጥር አይፈልግም። ስለዚህ ጠሪው ማንም ቢሆን ስልኩን ዘግታችሁ፣ ራሳችሁ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ951፣ ስለ ቴሌብርም በ127 ደውሉ፤ ወይም በአካል ሂዱ። ዘሩንና ነገዱን መጠየቅ ለጦቢት በቅቶት ነበር፤ የዛሬ አታላይ ግን ስማችሁን እስከ አያት ጠርቶ፣ የመንደራችሁን ስም አክሎ ሊያናግራችሁ ይችላል። እርሱ ስለ እኛ ማወቁ የእርሱን ማንነት አያስረዳም።

ከዚህ የባሰም መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰውን ድምፅ አስመስሎ መናገር ችሏል። ቅድስት መንበር እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ባወጣችው «አንቲኳ ኤት ኖቫ» በተሰኘው ሰነድ በዚህ መሣሪያ የሚሠራ የሐሰት ምስልና ድምፅ ሰዎችን ለማታለል መዋሉን በብርቱ ተችታለች። ልጆቻቸው በዐረብ አገር ወይም ከዚያ በራቀ የሚኖሩ ቤተሰቦች እንግዲህ ከልጆቻቸው ጋር አንዲት የምሥጢር ቃል ይስማሙ። ልጅ «ታስሬአለሁ፤ ፈጥናችሁ ብር ላኩ» ብትል ቃሏን ይጠይቋት። ይህ የጦቢት ክፋይ ሰነድ በሌላ መልክ ነው፤ ወጪም የለውም።

የቁምስናችንን ወጣቶች የሚያገናኘው ቴሌግራምም እንዲሁ ይሰረቃል። ወዳጅ መስሎ «በስሕተት ወደ አንተ የመጣውን ቁጥር ላክልኝ» ወይም «ለልጄ ውድድር ድምፅ ስጪልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። ቁጥሩ በተላከ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የላኪው ገጽ በሌላ ሰው እጅ ይገባል፤ ከዚያም በእርሱ ስም ከዘመድ ወዳጁ ብር ይለመናል። ቴሌግራም «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» በሚለው ክፍል «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚባል ሁለተኛ ቁልፍ አለው። በቁምስና ስም ቡድን የሚመራ ሰው ሁሉ ይህን ሳያደርግ ባይውል እንወዳለን።

የእኛ ያልሆነ ገንዘብ

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ተሳስቶ፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ እንደ ገለጸው ነገሩ ከውጭ የተሰነዘረ ጥቃት ሳይሆን በራሱ ሥርዓት ላይ የተፈጠረ ጉድለት ነበር። ወሬው በስልክ ተዳርሶ በተለይ በዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ተማሪዎች በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። በኋላም ባንኩ በፈቃዳቸው ለሚመልሱ የክስ ሥጋት እንደማይኖርባቸው አስታወቀ፤ ብዙዎች መለሱ። ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ግን በአደባባይ አወጣ።

በዚያ ሰሞን የተሰሙት ምክንያቶች ዛሬም አልጠፉምና ልንመረምራቸው ይገባል። «ማሽኑ ራሱ ሰጠኝ» ይባል ነበር። ማሽን ፈቃድ የለውም፤ ፈቃድ ያለው የገንዘቡ ባለቤት ነው፤ እርሱም አልፈቀደም። «ባንኩ ሀብታም ነው» ተባለ። በባንክ ያለው ገንዘብ ግን የሉማሜ ገበሬ ጤፉን ሸጦ፣ የደምበጫ ነጋዴ ከዕለት ትርፉ ቀንሶ ያስቀመጠው ነው፤ ባንኩ ራሱ ለእነርሱ አደራ ተቀባይ ነው። «ሁሉም ወስዷል» የሚለውን ሦስተኛውን ምክንያት መልስ የሚያሻው ሆኖ አላገኘነውም።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2409 የሌላውን ንብረት ያለ አግባብ መውሰድንና ይዞ መቅረትን፣ የአገር ሕግ ባይነካው እንኳ፣ በሰባተኛው ትእዛዝ ሥር ይቈጥረዋል። በቁጥር 2412 ደግሞ የተሰረቀው ለባለቤቱ መመለስ እንዳለበት ያስተምራል። እንግዲህ ተሳስቶ የወሰደ ሰው ወደ ምሥጢረ ንስሐ ሲቀርብ፣ ካህኑ የእግዚአብሔርን ይቅርታ ይሰጠዋል እንጂ ዕዳውን አይሰርዝለትም። ገንዘቡ ቢጠፋም በየወሩ ጥቂት ጥቂት ሊከፍል ይገባዋል፤ ተማሪ ቢሆን ሥራ ሲይዝ ይጀምር። ዘኬዎስ አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል እንደ ገባ ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 19 ጽፎልናል፤ ከእኛ የሚፈለገው አንድ እጅ ብቻ ነው።

በግለሰቦች መካከልም የዚህ ታናሽ ወንድም የሆነ ችግር አለ። «በስሕተት ብር ልኬልዎታለሁ፤ እባክዎ ይመልሱልኝ» የሚል ሰው ይደውላል፤ ብር መግባቱን የሚናገር መልእክትም ቀድሞ ደርሷል። ሕሊና ያለው ክርስቲያን ወዲያው ሊመልስ ይነሣል፤ አታላዩም የሚመካው በዚሁ ቅን ሕሊና ነው። እዚህ ላይ ጽድቅ ከጥበብ ጋር ይሂድ። በመጀመሪያ መልእክቱን ሳይሆን ቀሪ ሒሳቡን ተመልከቱ፤ የሐሰት መልእክት ከተራ የሰው ቁጥር ይላካል፤ የላኪውንም ስም ማስመሰል ይቻላል፤ ቀሪ ሒሳብ ግን አይዋሽም። ገንዘቡ በእውነት ገብቶ ከሆነ አትንኩት፤ ለደወለውም ሰው አትላኩለት፤ ወደ ባንኩ ወይም ወደ አገልግሎቱ ሰጪ ሄዳችሁ በእነርሱ በኩል ይመለስ። ገባኤል ሰነዱን ሳያይ ከረጢቱን አልሰጠም፤ በዚህም አደራ በላ አልተባለም።

ስምና ፎቶግራፍ

ቀደም ሲል ባንኩ ያወጣቸውን ፎቶግራፎች ጠቅሰናል። ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ ያደረገውን እዚህ አንፈርድበትም። እነዚያን ፊቶች ለመሳሳቂያ ከስልክ ወደ ስልክ ያስተላለፍን ግን ብዙዎች ነን፤ እኛ የሚመለስልን ገንዘብ አልነበረንም። የሰውን ጥፋት ያለ በቂ ምክንያት ለማያውቁት መግለጥ፣ ነገሩ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ በቁጥር 2477 እንደተጻፈው በስምንተኛው ትእዛዝ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው የአገራችን ብሂል ለምስል ይበልጥ ይሠራል፤ ሰው የተናገረው ይረሳ ይሆናል፤ በሺህ ስልክ የተቀመጠ ፊት ግን ዕዳው ከተከፈለ በኋላም ይኖራል።

አባቶቻችን ስለ ስም ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ። በጎጃም የክርስትናን ስም ለማንም አለመንገር የቆየ ልማድ ነው፤ ስሙ ለጸሎትና ለቤተ ክርስቲያን ተጠብቆ ይኖራል። ልማዱ በከፊል ከመተት ፍርሃት የመጣ ነው፤ ይህን ፍርሃት ቤተ ክርስቲያን አትጋራም። በውስጡ ያለው ማስተዋል ግን ትክክል ነው፤ ስም ለተሰጠበት ዓላማ ይዋል እንጂ ለሁሉ አይበተንም።

የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት የቀኖናዎች ሕግ በቀኖና 296 በየቁምስናው የጥምቀት፣ የጋብቻና የሙታን መዝገብ እንዲኖር ያዝዛል። በቀኖና 23 ደግሞ ማንም የሰውን መልካም ስም እንዳይጎዳ፣ የግል ሕይወቱንም የመጠበቅ መብቱን እንዳይደፍር ይከለክላል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነባቸው መዝገቡ መኖሩ ግዴታ፣ መጠበቁም ግዴታ መሆኑን እንረዳለን። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። ዋና ቁም ነገሩ የሰው መረጃ ለታወቀ ዓላማ እንዲሰበሰብና ከዚያ ዓላማ ውጭ እንዳይውል ነው።

ወደ ተግባር ስንመጣ፣ የጥምቀት መዝገብን ገጽ በስልክ አንሥቶ ለጠየቀ ሰው መላክ ይቅር። በአንድ ገጽ ላይ የጠያቂው ብቻ ሳይሆን የሌሎች ሕፃናት ስም፣ የወላጆቻቸው ስምና የልደት ቀናቸው ይገኛል። የሚያስፈልገው በማኅተም የተረጋገጠ የእርሱ ምስክር ወረቀት ብቻ ነው። የመጀመሪያ ቁርባን የተቀበሉ ሕፃናትን ፎቶግራፍ ሙሉ ስማቸውን ጽፎ ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ ማውጣትም ወላጆች ሳይጠየቁ አይደረግ። ቁጥራችን ጥቂት በሆነበት አካባቢ አንድ ፎቶግራፍ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱንና የሚመለስበትን መንገድ ለማወቅ ይበቃል። እርዳታ የሚቀበሉ ሰዎች ዝርዝር ከዚህ ሁሉ በላይ ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ስሙ በቡድን መልእክት ሲዞር ማየት የለበትም።

ስለ ምሥጢረ ንስሐ የሚነሣውን ጥያቄ በአጭሩ እንመልስ። ቅድስት መንበር እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ኢንተርኔት ባወጣችው ሰነድ ምሥጢራት በኢንተርኔት እንደማይፈጸሙ አስታውቃለች። ኃጢአታችሁንም በጽሑፍ መልእክት ለካህን አትላኩ፤ ካህኑ የተናዘዘለትን ምሥጢር ይጠብቃል፤ ስልኩ ግን አልተቀባም።

የጠፋ ስልክ

ስልክ በገበያና በመኪና ይጠፋል፤ በጨሞጋም ውስጥ ይወድቃል። ገና በእጃችሁ ሳለ *#06# ደውሉ፤ የሚወጣውን 15 አኃዝ ቁጥር በቤት ደብተር ላይ ጻፉት፤ ስልኩ የእናንተ መሆኑን ለማስረዳት ይረዳችኋል። ከጠፋ ደግሞ በመጀመሪያ ሲም ካርዱን አዘጉ፤ ሰው አስቀድሞ የሚያዝነው ለቀፎው ነው፤ ትልቁ አደራ ያለው ግን በሲም ካርዱ ላይ ነው። ከዚያም ቴሌብር፣ ኤም ፔሳ ወይም የባንክ አገልግሎት ያላችሁ ለእነርሱ አስታውቁ።

በስልክ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ ግማሽ መዝገብ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተከማቸ ነገር ሁሉ ከእጅ ርቆ ነበር። የትምህርት ተከታታዮችን ስም፣ የቀናቸውንና የወላጅ ስልክ ቁጥራቸውን በወረቀት ደብተር ያዙ፤ ሁለተኛ ቅጂውም በቁምስናው ሣጥን ተቈልፎ ይቀመጥ። አንድ መምህር ከአገልግሎት ሲያርፍ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ደብተሩን፣ የቡድኑን መሪነትና በቁምስናው ስም የወጣ ሲም ካርድ ካለ እርሱንም ሁለት ሰዎች ባሉበት ለቆሞሱ ያስረክብ፤ በራሱ ስልክ የቀሩትን የሕፃናት ፎቶግራፎችና ዝርዝሮችም በዚያው ቀን ያጥፋ።